የማደንዘዣ ቬፖራይዘርን አሠራር በስሌት የተረዳሁበት መንገድ

የቬፖራይዘርን፣ ማለትም ፈሳሽ ማደንዘዣን ወደ ተን ለውጦ ታካሚው ከሚተነፍሰው ጋዝ ጋር የሚቀላቅለውን መሣሪያ፣ የውስጥ ሥዕል በሥልጠና ዘመኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሠራሩ በእርግጥ የገባኝ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ በማዞሪያው ላይ የተጻፈው 1 በመቶ ከየት እንደሚመጣ ራሴ ማስላት ስጀምር ነው። ስሌቱ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ስለማያልፍ፣ ማንኛውም የአኔስቴዥያ ተማሪ እንዲሞክረው ከልቤ እመክራለሁ።

የተነሣሁት ከፈሳሹ ነው። አይሶፍሉሬን የተባለው ፈሳሽ ማደንዘዣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀመጥ፣ ከላዩ የሚጠራቀመው ተን 240 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይኖረዋል። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 760 በመሆኑ፣ ከፈሳሹ በላይ ካለው ጋዝ 32 በመቶ ገደማው አይሶፍሉሬን ነው ማለት ነው። በቀዶ ጥገና ወቅት ለአዋቂ ታካሚ የሚያስፈልገው ከ1 በመቶ ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ 32 በመቶ ግን ሕይወት የሚያጠፋ መጠን ነው። ፈሳሹ በራሱ ይተናል፤ የመሣሪያው ዋና ሥራ ተኑን በትክክል ማቅጠን ነው።

ይህም የሚከናወነው የሚገባውን ጋዝ ለሁለት በመክፈል ነው፤ ጥቂቱ በፈሳሹ ክፍል አልፎ በተን ይጠግባል፣ ብዙው በማለፊያው መስመር ፈሳሹን ሳይነካ ይሄዳል፣ ሁለቱም መውጫው ላይ ይገናኛሉ። በደቂቃ የሚወጣው 5 ሊትር ጋዝ 1 በመቶ አይሶፍሉሬን እንዲይዝ 50 ሚሊ ሊትር ተን ያስፈልጋል። ከ760 ላይ 240 ሲቀነስ 520 ይቀራል፤ 240ን ለ520 ስናካፍል፣ በፈሳሹ ክፍል የሚያልፍ እያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ጋዝ 46 ሚሊ ሊትር ያህል ተን ይዞ እንደሚወጣ እናገኛለን። ስለዚህ ወደዚያ መላክ ያለበት 108 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ክፍፍሉ 1 ለ45 ያህል ይሆናል። የተን ግፊቱ 160 ገደማ ለሆነው ለሌላው ማደንዘዣ ለሴቮፍሉሬን ስሌቱን ስደግመው 1 ለ25 ያህል አገኘሁ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትልቅ ትምህርት ሆኖልኛል። በሴቮፍሉሬን ቬፖራይዘር ውስጥ አይሶፍሉሬን ቢሞላና ማዞሪያው 2 በመቶ ላይ ቢሆን፣ የሚወጣው 3.4 በመቶ ገደማ ነው። አይሶፍሉሬን ደግሞ በኃይሉ ከሴቮፍሉሬን ስለሚበልጥ፣ ታካሚው የሚደርሰው ማደንዘዣ ከታሰበው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለአይሶፍሉሬን ሐምራዊ፣ ለሴቮፍሉሬን ቢጫ ቀለም መመደቡና የጠርሙሱ መሙያ ከራሱ ቬፖራይዘር ጋር ብቻ እንዲገጥም መደረጉ ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ክብደቱ ጨምሯል።

ስሌቱ ሙቀትን የማይለወጥ አድርጎ ይወስደዋል፤ በተግባር ግን ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም የተኑ ግፊት ይወርዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1847 ለማደንዘዣ ያገለግል የነበረውን የኤተር መተንፈሻውን በውኃ ውስጥ ያስቀመጠው ይህን ለመቆጣጠር ነበር። የዛሬው ቬፖራይዘር ከባድ የሆነው ብረቱ ሙቀት እንዲያቀብለው ነው፤ በተጨማሪም በሙቀት የሚተጣጠፍ የሁለት ብረቶች ጥምር፣ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሹ ክፍል የሚሄደውን የጋዝ ድርሻ ይጨምራል።

በመጨረሻ በከፍታ ቦታ እንደሚሆነው የአየሩን ግፊት ወደ 600 ዝቅ አድርጌ አሰላሁ። የተን ግፊት በሙቀት እንጂ በከፍታ ስለማይወሰን፣ ያው ክፍፍል አሁን 1.4 በመቶ ይሰጣል፤ አእምሮ ላይ የሚሠራው ከፊል ግፊት፣ ማለትም ማደንዘዣው ለብቻው የሚያሳድረው ግፊት፣ ግን ከ7.6 ወደ 8.6 ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ በከፍታ ቦታ ማዞሪያውን ማሳደግ አያስፈልግም። ሦስተኛው ማደንዘዣ ዴስፍሉሬን ግን በ23 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የተለመደው ቬፖራይዘሩ እስከ 39 ዲግሪ አሙቆ ተኑን በመቶኛ ለክቶ ያስገባዋል፤ እዚህ ላይ መቶኛው ሳይለወጥ ከፊል ግፊቱ ይወርዳል። በባሕር ጠለል 6 በመቶ የሚሰጠውን ውጤት በ600 ለማግኘት ማዞሪያውን ወደ 7.6 ማሳደግ ግድ ይላል።