የሐጂ ደብተርና የሀገር ዕዳ

ትናንት ደመወዝ ገባ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሰፈራችን ከድሬዳዋው ባቡር ጣቢያ፣ ከለገሃር፣ ብዙም አይርቅም። ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋና ፀሐይዋ በረድ ስትል ይከፈታል። ስደርስ ሐጂ ሳሙናና ብስኩቱን ደጅ ላይ እየደረደሩ ነበር።

ሐጂ የዱቤ ደብተር አላቸው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። የኛ ገጽ መሃል ላይ ነው፤ ከላዩ «የባቡሩ ቤት» ይላል። አባዬ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ሰፈሩ እንደዚያ ነው የሚጠራን። ከሥሩ ቀን፣ ዕቃ፣ ብር። ዘይት። ፓስታ። ሩዝ። ሳሙና። እማዬ ስትወስድ እሷ ፊት ይጻፋል። እኔ ስከፍል እኔ ፊት ይሰረዛል። ግራ የገባኝ ነገር ካለ «ሐጂ፣ ይሄ ምንድነው?» እላለሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ያነቡልኛል። በስንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተጣላንም።

ትናንት ከፍዬ ስጨርስ ደብተሩን ቶሎ አልዘጉትም።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ዱቤ ላቆም ነው» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ዕቃ የሚያመጣልኝ ነጋዴ እጅ በእጅ ካልሆነ አልሰጥም አለ። እኔም ዛሬ በሸጥኩበት ብር ነገ ያንኑ ዕቃ መልሼ መግዛት አቃተኝ። ሦስት ቀን ቆይቼ ስሄድ ዋጋው ሌላ ነው።»

አልተቀየምኳቸውም። እንዴት እቀየማቸዋለሁ? በኮሮና ጊዜ የሰፈሩን ግማሽ በዚያ ደብተር ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ግን ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ከበደኝ። ዱቤ ለኛ ሰፈር የወሩ መጨረሻ ድልድይ ነው። አሁን ከ20 በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት ነው የምንሻገራቸው?

ማታ ቴሌቪዥኑ ስለ ሀገር ዕዳ ያወራ ነበር። የዕዳ ሽግሽግ፣ አበዳሪዎች፣ ቢሊዮን ዶላር። እማዬ እንዲህ ያለ ዜና ስትሰማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው።

«ማነው የተበደረው?»

ድሮ ሳቅ ብዬ አልፋት ነበር። ትናንት ግን አላለፍኳትም። የምር ጥያቄ ነው። እሷ የተበደረችው ዘይትና ፓስታ ነው፤ ስንት እንደሆነ ታውቃለች፣ መቼ እንደወሰደችው ታውቃለች፣ ማን እንደጻፈው ታውቃለች። ያኛውን ማን ፊት ነው የጻፉት?

ደግሞ የዚህች ከተማ ልጆች ስለ ብድርና ባቡር ሲነሳ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም የምንችል ይመስለኛል። ድሬዳዋን የወለዳት ሀዲድ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደና ከታች ሜዳው ላይ ቆመ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ከተማችንም በቃ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር ስሟ።

ገንዘቡ ግን ባቡሩ እዚህ ሳይደርስ አጥሮ ነበር። ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ገንዘብ ሰጠና እጁን አስገባ። ምኒልክ ይህን ያወቁት ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነበር። ተቆጡ። ሀዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ላይ እንዳይሄድም ያዙት። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ለዓመታት ድሬ የሀዲዱ መጨረሻ ሆና ቆይታ ነበር።

ይህን ታሪክ የነገረኝ አባዬ ነው። ልጅ እያለሁ ለገሃር ወስዶ ሕንፃው ላይ ያለውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ያስነብበኝ ነበር። የሚያስቆጨው የገንዘቡ ማለቅ አልነበረም። «ንጉሡ እንኳ አልተነገራቸውም!» ይላል ሁልጊዜ፣ እንደ ትናንት ነገር።

አዲሱ ባቡርስ? ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የኛ ድርሻ ወጪ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ። አባዬ ምርቃቱን በቴሌቪዥን ሲያይ አለቀሰ። የደስታ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ባቡሩ መሠራቱ ስህተት ነው አልልም። ወደብ የሌላት ሀገር ያለ ባቡር እንዴት ትሆናለች? ነገር ግን ብድሩ በ10 ዓመት የሚከፈል ነበር። መብራት ሲቋረጥ የሚቆም፣ መንገዱ ላይ ግመልና ከብት የሚገጭ፣ ገና በእግሩ ያልቆመ ባቡር ያንን በ10 ዓመት ከየት ያመጣል? በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቻይና ሲመለሱ መክፈያው ወደ 30 ዓመት መራዘሙን ነገሩን። ባቡሩ መደበኛ ሥራ ከጀመረ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

የ10 ዓመቱን ውል ሲፈርሙ ማን ምን ብሎ ጠየቀ? ብድር ሲመጣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ይጸድቃል። በዚያ ዘመን ከ547ቱ መቀመጫ ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ምርጫ እነሱም አልነበሩም። ዜናው ትዝ ይለኛል፤ «ምክር ቤቱ የብድር ስምምነቱን መርምሮ አጸደቀ» ይባልና ወደ ስፖርት ይታለፋል። ዕዳው የተጻፈው እንደዚያ ነው። እኛ ፊት አይደለም።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩሮቦንድ መጣ፤ መንግሥት ለውጭ ባለገንዘቦች በዶላር የሸጠው የብድር ሰነድ ነው። 1 ቢሊዮን ዶላር፣ በ6.625 በመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት የሚመለስ። ያኔ እንደ ድል ነበር የተነገረን፤ ዓለም አመነን ተባለ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ የስድስት ወሩ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር መከፈል ነበረበት። አልተከፈለም። የእፎይታ ጊዜውም አለፈ። ኢትዮጵያ ዕዳዋን መክፈል ያልቻለች ሀገር ተብላ በዓለም ተመዘገበች። መንግሥት ሁሉንም አበዳሪ እኩል ለማስተናገድ ነው አለ። ይሁን። ግን ያን ሳምንት ያፈርኩት እፍረት ከውስጤ አልወጣም። ሐጂ ፊት አንድ ወር ሳልከፍል ስቀር የሚሰማኝን ዓይነት ነው፣ ብቻ ይሄኛው የሚከፈልበት ኪስ የኔ አይደለም።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 አለፈ። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ከአይ.ኤም.ኤፍ.፣ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የተገኘው በዚያው ቀን ነው። ልክ ልክ እንነጋገር ካልን፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ነበር። ድሬ የንግድ ከተማ ናት፤ ታይዋን ገበያ ዕቃ የሚነግድ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ያ አካሄድ ሊቀጥል እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነበር። ሒሳቡን ግን አንድ ባለሥልጣን ወጥቶ እንደ ሐጂ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ቢያሳየን ምን ነበረበት? ዕዳው በዶላር ነው፣ የኛ ገቢ በብር። ያች 33 ሚሊዮን ዶላር በ57 ስትመታ 1.9 ቢሊዮን ብር ገደማ ናት። በ100 ስትመታ 3.3 ቢሊዮን። ዶላሩ አንድም አልጨመረ፣ ብሩ ግን እንዲህ ሆነ። ይህን እማዬ በአንድ ደቂቃ ትረዳዋለች። የነገራት የለም እንጂ።

እሷ የምታውቀው በመድኃኒቱ ነው። አባዬ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ ሐምሌ በኋላ በወሩ ፋርማሲ ስሄድ ልጅቷ ዋጋውን ነገረችኝና ቶሎ ቀና ብላ አየችኝ። ስንት ሰው ፊቱን እንዳዞረባት ከዓይኗ ያስታውቅ ነበር። ግማሹን ገዛሁ። ቤት ስገባ አባዬ ፓኬቱን ከፍቶ ቆጠረው። ምንም አላለም። በነጋታው እማዬ ናት ያየችው፤ ኪኒኑን በምላጭ ለሁለት እየከፈለ። ባቡር ሲጠግን የኖረ እጅ ነው፣ እኩል ነበር የቆረጠው። እማዬ ነጥቃው ወጣችና ከዕቁብ ጓደኞቿ ተበድራ የቀረውን ገዛችለት።

ያን ቀን ነው እኔም በቃኝ ያልኩት። በመንግሥት ላይ ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱን አንዱ ወደ አንዱ ሲገፋ መስማት በቃኝ። የድሮዎቹ «ለልማት ነው የተበደርነው» ይላሉ። የአሁኖቹ «የወረስነው ዕዳ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን ወራሽ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቤተሰቡን ሰብስቦ ዕዳውን መቁጠር አይደለም? ከተማው ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የተነጠፈውን ድንጋይና የተተከለውን መብራት አያለሁ። ያምራል። ማታ ማታ ልጆች ይጫወቱበታል፣ የኔም ልጅ ጭምር። ስንት እንደወጣበት፣ ከየት እንደመጣ ግን ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። መጠየቄን እንደ ጥላቻ የሚያዩም አሉ። እኔ ግን ይህችን ከተማ ስለምወድ ነው የምጠይቀው።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር የዕዳ ሽግሽግ ስምምነት ተፈረመ። ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እፎይታ ያስገኛል ተባለ። ደግ ነው። የአበዳሪዎቹን ኮሚቴ በጋራ የሚመሩት እነማን እንደሆኑ ለአባዬ ስነግረው ግን ከተኛበት ተነሥቶ ተቀመጠ። ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። የድሮውን ሀዲድ የዘረጋችውና የአዲሱን ገንዘብ ያበደረችው። «ሁለቱም በኛ በር አልፈዋላ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ትናንት ማታ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የገንዘብ ሚኒስቴር የሀገሪቱን ዕዳ የሚያሳይ መግለጫ ያወጣል። ያ መልካም ነው። እንግሊዝኛ ነው እንጂ፤ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ። እማዬ አማርኛና ኦሮምኛ ነው የምታውቀው። ጎረቤታችን ሶማሊኛ። የሚከፍሉት እነሱ ሆነው ሳለ በሚያነቡት ቋንቋ አንድ ገጽ እንኳ መጻፍ እንዴት ይከብዳል? አንድ ገጽ! ቀን፣ አበዳሪ፣ ምክንያት፣ ገንዘብ። ቀበሌ በር ላይ ቢለጠፍ ሰው ቆሞ ያነበዋል። የድሬ ሰው የሚከፋው በዕዳው አይደለም፤ በዱቤ ያላደገ ልጅ እዚህ የለም። የሚከፋው ሳይቆጥሩለት «ክፈል» ሲሉት ነው።

አባዬ «አምጪልኝ» አለ። የልጄን የትምህርት ቤት ደብተር ከመጨረሻው ገለጠና መስመር አሰመረ። እኔ እያነበብኩ እሱ ጻፈ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ ግን ያው የድሮው ነው፤ ትልልቅና ቀጥ ያለ። «2007፣ ዩሮቦንድ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ወለድ 6.625 በመቶ።» «2016፣ አይ.ኤም.ኤፍ.፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር።» «ቻይና፣ ባቡር፣ 30 ዓመት።» እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና አለና የልጄን ዕድሜ ጠየቀኝ። ያውቀዋል። ስድስት አልኩት። ደብተሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደምሮ፣ መልሱን ሳይነግረን ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ስሄድ ገጹን ይዤ በሐጂ ሱቅ አለፍኩ። አባዬ ነው «አሳዪያቸው» ያለኝ። ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። ቆመው አነበቡት፣ ከላይ እስከ ታች። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎችም አንገታቸውን አስግገው አብረው አዩ። ሐጂ ጣታቸውን ባቡሩ ላይ አሳረፉ።

«የዚህስ ወለዱ የት አለ?» አሉኝ።

ማታ ፈልጌ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ገጹን አልመለሱልኝም። የዱቤ ደብተራቸው ውስጥ፣ የኛ ገጽ ላይ አስቀመጡት።