የጓሯችን በቆሎና የቶሮንቶ ራኩኖች

ቶሮንቶ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት የገባ ሐበሻ በረዶው ቀልጦ መሬቱ እንደ ለሰለሰ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ጎመን ይዘራል። ከጎመኑ ጎን ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ይከተላሉ። ቦታ የተረፈው ደግሞ በአጥሩ ጥግ በቆሎ ይተክላል፤ ነሐሴ ያለ እሸት ምን ነሐሴ ይባላል? ጎመኑን ጥንቸል ትቀምሰው ይሆናል፣ ቃሪያውን እምብዛም የሚደፍረው የለም። በቆሎውን ግን ሌሊት ሌሊት የሚጎበኘው እንስሳ አለ፤ ራኩን።

ራኩን አገራችን የለም። ላላየው ሰው ስነግር ጥርኝን አስበው እላለሁ፤ ዝምድና ባይኖራቸውም ሁለቱም በዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ጠጉር ያላቸው፣ ሌሊት የሚወጡና ያገኙትን የሚበሉ ናቸው። የራኩን ጅራት በጥቁርና በግራጫ ቀለበት የተከፋፈለ ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሲሆን፣ በጥቅምትና በኅዳር ለብርዱ ስብ ሲያከማች ከዚያም ያልፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የፊት እግሩ ነው። አምስት ረጃጅም ጣቶች አሉት፤ ዓይኑን ሌላ ቦታ ጥሎ በጣቶቹ ብቻ እየዳሰሰ የሚበላውን ከማይበላው ይለያል። ክዳን ያነሣል፣ መወርወሪያ ይስባል፣ የከረጢት ዚፕ ይከፍታል። ይህን ያወቀ ሰው ጓሮውን በድንጋይና በዱላ እንደማይጠብቅ ወዲያው ይገባዋል።

እናቴ ከጎጃም መጥታ አብራን የከረመችበት ዓመት በቆሎው ልዩ ነበር። ራሷ ዘርታ፣ ራሷ ኮትኩታ፣ አፈሩን ወደ ሥሩ አስታቅፋ አሳደገችው። ማለዳ ጸሎቷን እንዳደረሰች ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣና የእያንዳንዱ ጺም ምን ያህል እንደ ጠቆረ ትመለከታለች፤ አንዱን ገለጥ አድርጋ ፍሬውን በጥፍሯ ጫን ታደርግና ወተቱን ታያለች። ቅዳሜ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ይጠበሳል ተብሎ ቀን ተቆረጠ። ራኩንም በቆሎን የሚወደው ልክ እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከደረቀው ይልቅ ወተት የቋጠረውን ይመርጣል። ዓርብ ሌሊት መጡ።

ጠዋት ስንወጣ አገዳው ተሰባብሮ በመደዳው ተኝቷል። ሽፋኑ ከላይ ወደ ታች ተገፎ አንዱ ራስ ግማሹ ተግጧል፣ ሌላው ሁለት ሦስቴ ተነክሶ ተጥሏል፤ እርጥቡ አፈር ላይ ባለ አምስት ጣት ዱካ ተበትኗል። እናቴ ጎንበስ ብላ ዱካውን በእጇ ለካችው። «ይኼ የዝንጀሮ ሥራ ነው» አለች። እሷ ልጅ ሳለች ማሽላና በቆሎ የሚጠበቀው ማማ ላይ ተወጥቶ ነበር፤ ቀን ከዝንጀሮና ከወፍ በወንጭፍ፣ ሌሊት ከከርከሮና ከጃርት በጩኸት። «ታዲያ እዚህ ማን ይጠብቃል?» አለችኝ። ማንም እንደማይጠብቅ ስነግራት «እንግዲያማ ምን ያድርግ፤ የተዘረጋ ማዕድ አግኝቶ ነው» አለችና የተሰበረውን አገዳ መሰብሰብ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ስለ ራኩን የተማርኩት ሁሉ ከዚህ ንግግሯ ጋር ይገጥማል።

ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ከተሰማ በኋላ ምክር ጎረፈልን። አንዱ በሥጋ ውስጥ የአይጥ መርዝ አድርጋችሁ አስቀምጡለት አለን። ሌላው በወጥመድ ይዘህ በመኪና ከከተማ አውጥተህ ጫካ ጣለው አለኝ። እነዚህ ሁለት ምክሮች በማኅበራችን ውስጥ አሁንም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራሉና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለራኩን የተቀመጠ መርዝ የጎረቤትን ድመት፣ የመንገደኛን ውሻ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና የራስን ሕፃን ሊገድል ይችላል። የተመረዘውን እንስሳ የበላ ጉጉት ወይም ጭልፊትም ይሞታል። በጣር ላይ ያለ እንስሳ ከቤትህ ሥር ገብቶ ሲማቅቅ መስማት ደግሞ ከበቆሎ ጋር የሚመዛዘን ነገር አይደለም።

በመኪና ማውጣቱም እንደሚመስለው ርኅራኄ አይደለም። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር ሕግ የተያዘ ራኩን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከተያዘበት ከ1 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ እንዲለቀቅ ያዛል። ይህ ያለ ምክንያት አልተደነገገም። የማያውቀው ጫካ የተጣለ ራኩን ውኃውን፣ ጎሬውን፣ ምግቡን አያውቅም፤ የቦታው ባለቤቶች ያባርሩታል። እናት ከሆነች ግልገሎቿ ከኋላዋ በረኃብ ያልቃሉ። በሽታም አብሮ ይጓዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአደን ሲባል ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ወደ ቨርጂንያና ዌስት ቨርጂንያ የተወሰዱ ራኩኖች የእብድ ውሻ በሽታን ይዘው ሄደው በምሥራቁ ጠረፍ ሁሉ እንዲዛመት ምክንያት እንደ ሆኑ ይታመናል።

በሚቀጥለው ጸደይ ነገሩ ከአጥሩ ጥግ ወደ ቤታችን ሥር መጣ። በእንጨት በረንዳችን ሥር ሌሊት የሚንጫጫ ቀጭን ድምፅ መሰማት ጀመረ። የባለቤቴ ወንድም ሳንቃና ምስማር ይዞ መጣ፤ ቀዳዳውን ደፍኖ ሊገላግለን ነው። ያዝኩት። ወሩ ግንቦት ነበር። ራኩኖች ከጥር እስከ መጋቢት ይገናኛሉ፤ እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ግልገል ይወለዳል። ግልገሎቹ ዓይናቸው የሚገለጠው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ነው። በዚያ ወቅት ቀዳዳ የደፈነ ሰው እናትን ከውጭ፣ ልጆችን ከውስጥ አስቀረ ማለት ነው። እሷም ዝም አትልም፤ ሳንቃውን ቦጫጭቃ፣ ጣሪያ ከሆነም ቆርቆሮውን ገንጥላ ትገባለች። መግባት ካቃታት ግን ቤቱ ሥር የሚሞቱት ልጆቿ ናቸው።

የሚሻለው እሷ ራሷ እንድትለቅ ማድረግ ነው። እናት ራኩን አንድ ጎሬ ብቻ የላትም፤ ይህኛው ካልተመቻት ወደ ሌላው ታዞራለች። ስለዚህ ቀዳዳው አጠገብ የማያቋርጥ መብራትና ሰው የሚያወራበት የሬዲዮ ጣቢያ ከፍተን ተውን። ወዲያው አልሆነም፤ ጎረቤቶቻችንም ታግሠውናል። ሲሆን ግን ከወጥ ቤቱ መስኮት አየነው። አንዱን ግልገል በማጅራቱ በአፏ ነክሳ ወጣች፤ አጥሩን ተንጠላጥላ ጫፉ ላይ ደረሰች፤ በአጥሩ ጫፍ እየተራመደች ከጎረቤት ጋራዥ ኋላ ተሰወረች። ቆይታ ባዶ አፏን ተመለሰችና ሁለተኛውን ያዘች። ሦስተኛው ተለቅ ያለ ስለ ነበረ አጥሩ ላይ አዳልጦ ወደቀባት፤ ወርዳ አነሣችው፣ ጠጉሩን ላሰችው፣ እንደገና ወጣች። የባለቤቴ ወንድም መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሁሉንም አጓጉዛ እስክትጨርስ ከመስኮቱ አልተነሣም። ልቤ ለዚያች እንስሳ እንዴት እንደ ራራ መናገር አያሳፍረኝም። ሕፃናት አቅፎ ከቤት ቤት የተንከራተተ ስንት ሰው አለ ከመካከላችን።

ከዚያ ነው መድፈን የሚመጣው። በመጀመሪያ ቀዳዳው በጋዜጣ ኳስ ይጠቀጠቃል፤ ለተከታታይ ሌሊቶች ካልተነካ ውስጥ ማንም የለም። ቀጥሎ ወፍራም የሽቦ ወንፊት በበረንዳው ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀበርና ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ሊቆፍር የመጣ እንስሳ ሽቦው ላይ ያርፋል። እስከ ዛሬ የገባ የለም።

ከምንም በላይ የሚጠራቸው ግን ምግባችን ነው። የቶሮንቶ ከተማ የምግብ ትራፊ የሚጣልበትን አረንጓዴ ገንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መቆለፊያ ባለው አዲስ ገንዳ የለወጠው በራኩን ምክንያት ነው። ገንዳው ጥሩ ነው፤ ሲወድቅ ግን አንዳንዴ ይከፈታል፣ መቆለፊያውን ማዞር የለመዱ ራኩኖችም ታይተዋል። ስለዚህ ግድግዳ አስደግፎ በገመድ ማሰር ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ደግሞ የፋሲካ ሰሞን የበጉ አጥንት፣ የዶሮው ቅልጥም፣ የቅባቱ ሽታ አለ። እኛ አጥንቱን በፌስታል ጠቅልለን በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል እናቆየዋለን፤ ገንዳ የሚጨመረው ቆሻሻ አንሺዎቹ በሚመጡበት ማለዳ ብቻ ነው። አንዲት ወዳጃችን ቋንጣዋን ጋራዥ ውስጥ ሰቅላ በሩን ለነፋስ ጥቂት ከፈት አድርጋ አደረች። ጠዋት ከተዘረጋው ገመድ በስተቀር የቀራት ነገር አልነበረም። ቋንጣ ከቤት ውስጥ አይውጣ።

ከሁሉ የከበደኝ እናቴን ፍርፋሪ ማስተው ነበር። የእኛ እናቶች እህል አይጥሉም፤ የተረፈውን እንጀራ ቆራርሰው ለወፍ ያደርጋሉ። እናቴም ማታ ማታ የደረቀውን እንጀራ በጓሮው ትበትን ነበር። ወፎቹ ተኝተዋል፤ የሚያነሣው ራኩን ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የዱር እንስሳትን በግል ግቢም ቢሆን መመገብን ከልክሏል። «እማዬ፣ ይህን እንጀራ የሚለምድ እንስሳ ነገ የሌላ ሰው ቤት ገብቶ ይገደላል» ስላት ነው የተወችው፤ ቅጣቱን ብነግራት ኖሮ አትሰማኝም። ከዚያ በኋላ የደረቀውን ድርቆሽ እያደረገች አስቀመጠችው፤ ክረምቱን ሁሉ ፍርፍር በላንበት።

ሣሩ በጠዋት ተገልብጦ ብታገኙት ደግሞ ራኩኑ የሚፈልገው ከሥሩ ያለውን ነጭ ትል ነው። ኦንታርዮ ለጓሮ ማሳመሪያ የሚረጩ ኬሚካሎችን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ከለከለች፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ላይ ኔማቶድ የሚባሉትን ረቂቅ ትሎች ከውኃ ጋር አፈሩ ላይ ማጠጣት ነው መፍትሔው። ትሉ ሲጠፋ ራኩኑም ይሄዳል።

ልጆች ያላችሁ ግን ከዚህ በታች ያለውን በጥሞና አንብቡልኝ። ራኩን የሚጸዳዳበትን ቦታ ይመርጣል፤ በረንዳ ጥግ፣ የማገዶ ክምር፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ የልጆች አሸዋ። እዚያው ቦታ ላይ ይመላለሳል። በዓይነ ምድሩ ውስጥ የራኩን ወስፋት እንቁላል ሊኖር ይችላል፤ ይህ ወደ ሰው ሆድ ከገባ ትሉ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን ሊጓዝ ይችላል። በሽታው በሰው ላይ የሚታየው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ የሚጎዳው ግን በአብዛኛው አፈር አፉ የሚከት ሕፃን ነው። እንቁላሉ ለመጉዳት የሚደርሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ዋናው ነገር ሳይውል ሳያድር ማንሣት ነው። ጓንትና ጭምብል ይደረጋል፤ አቧራ እንዳይነሣ በውኃ ይረጥባል፤ በአካፋ ተነሥቶ በፌስታል ይታሰራል፤ ቦታው ላይ የፈላ ውኃ ይፈሳል። በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም። የአሸዋ መጫወቻው ማታ ማታ ይከደን።

የእብድ ውሻ በሽታን ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም። ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን መርፌ ያየ ወይም የሰማ ትውልድ ነን። እዚህም ራኩኖች የሚያዛምቱት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለቶሮንቶ ቅርብ በሆነችው ሃሚልተን ከተማ ተገኝቶ ነበር፤ ክፍለ ሀገሩ ክትባት ያለበትን ማባበያ ምግብ በአውሮፕላንና በእጅ እየበተነ ሲከላከል ቆይቷል። ቀን የታየ ራኩን ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም፤ የምታጠባ እናት ቀንም ምግብ ትፈልጋለች። የሚንገዳገድ፣ ሰው የማይሸሽ፣ ያለ ምክንያት የሚያጠቃ ከሆነ ግን ልጆችንና ውሻን ወደ ቤት ማስገባት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። መርፌው ዛሬ ክንድ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዙር ሲሆን ቁስሉ አካባቢ የሚሰጥ ተጨማሪ መድኃኒትም አለ፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ቶሮንቶ ውስጥ የታመመ ወይም የተጎዳ ራኩን ያያችሁ 311 ደውሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም መደወል ይችላሉ፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ስልኩ ሲነሣ «አምሃሪክ» ብሎ መጠበቅ ይበቃል።