አራት ተኩል

ድሬዳዋ ውስጥ የስታቲስቲካል ፊዚክስ መግቢያ ሳስተምር የገጠመኝ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ አንዲት ተማሪ የኩዊዝ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ እንዳሉን ነው የሠራሁት» አለችኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ፈጽሞ የማይለዩ ሁለት ቅንጣቶች ሦስት የኃይል ደረጃ አላቸው፤ ሁለቱም አንድ ደረጃ ላይ መሆን ይችላሉ። ስንት ማይክሮስቴት፣ ማለትም ስንት የተለያየ አቀማመጥ፣ አለ? መልሱ 6 ነው። እሷ 4.5 ጽፋለች። እኔ በቀይ ሰርዣለሁ።

ደብተሯን ገለጠች። «የማይለዩ ከሆኑ በቅንጣቶቹ ቁጥር ፋክቶሪያል አካፍሉ» ይላል፤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሁለት ቅንጣት ፋክቶሪያሉ 2 ሲባዛ በ1፣ 2 ነው። 3 ሲባዛ በ3፣ 9። ለ2 ሲካፈል 4.5።

«ግን ግማሽ ማይክሮስቴት አለ እንዴ?»

ደነገጥኩ። የሰረዝኩት የራሴን ትምህርት ነበር።

ከመምህራን ላውንጅ ሦስት የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ። ብርጭቆዎቹ ደረጃዎቹ ናቸው። ለቅንጣቶቹ ከኪሴ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ፣ እንዲለዩ አንዱ ላይ በማርከር ነጥብ አደረግሁ። እያቀያየርን ቆጠርን፤ 9 መጣ። ከዚያ ነጥቡን በሶፍት ጠረግሁት። «አሁንስ?» አልኳት። ሳንቲሞቹ በተለያየ ብርጭቆ ሲሆኑ የትኛው የት እንዳለ መለየት ቀረ፤ 6ቱ አቀማመጥ 3 ሆነ። አንድ ብርጭቆ ውስጥ አብረው ሲሆኑ ግን መጀመሪያውኑ ቢቀያየሩም ለውጥ የለም። እነዚያ 3ቱ እንዳሉ ናቸው። የእኔ ማካፈል እነሱንም ለሁለት ሰንጥቋቸዋል። ግማሿ የመጣችው ከዚያ ነው።

ህንዳዊው ሳትየንድራ ናት ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1924 የጋለ አካል የሚያወጣውን ብርሃን የሚገልጸውን የፕላንክን የጨረር ሕግ በስሌት ያወጣው ፎቶኖችን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶችን፣ በዚህ መንገድ ቆጥሮ ነው። አንድ ብርጭቆ ከአንድ ሳንቲም በላይ አይቀበልም ብንል ደግሞ፣ እንደ ኤሌክትሮን፣ የሚቀረው 3 ብቻ ነው።

ታዲያ ማካፈሉ እዚህ ካልሠራ፣ ለጋዝ ስሌት ለምን ይሠራል? እሷው ጠየቀችኝ፤ ደስ አለኝ። ብርጭቆዎቹ 100 ቢሆኑ ብለን አሰላን። በማካፈል 5,000፣ በትክክለኛው ቆጠራ 5,050። ልዩነቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። በተለመደው ጋዝ ውስጥ ደረጃዎቹ ከቅንጣቶቹ እጅግ ስለሚበዙ ሁለቱ አንድ ቦታ የሚገጥሙበት ዕድል ኢምንት ነው።

በማግስቱ ብርጭቆዎቹን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ 4.5 የጻፉትንም ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ እንደገና አረምኩ። እሷ ግን ቀድማኝ በደብተሯ ዳር፣ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጎን፣ «ደረጃው ከቅንጣቱ እጅግ ሲበዛ ብቻ» ብላ ጽፋለች።