የመኪናዬን ገመድ የቆረጠው ማን ነበር?

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። የጠዋት ፈረቃ ነበረኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወርጄ መኪናዬን ሳስነሳ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ነዳጅ ብሰጠው ጉልበት የለውም። የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ አውቶቡስ የለም። እየተጨነቅኩ ቀስ ብዬ ነዳሁት።

ከሥራ ስመለስ የሞተሩን ኮፈን ከፈትኩ። ከአራቱ የካንዴላ ገመዶች አንዱ ተበጥሷል። ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ስፖንጅ ተቦጫጭቆ ሞተሩ ላይ ተበትኗል።

ሰው ነው አልኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። የምንኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በመንገዳችን ላይ ጥቁር ቤተሰብ እኛ ብቻ ነን። እ.ኤ.አ. በ2020 የካቲት፣ ሃናው በምትባል የጎረቤት ከተማ አንድ ዘረኛ ዘጠኝ ሰው ተኩሶ ሲገድል እኛ በቅርብ ርቀት ነበርን። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ልብ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ከፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። ማታ መስኮት ላይ ቆመው ወደ መኪናችን ሲመለከቱ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አይታቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳኋቸው። በመንገድ ሲመጡ ፊቴን አዞራለሁ።

ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ ገመዱን በባትሪ እያበራ አሳየኝ። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት። «ማርደር ነው» አለኝ። «ኮፈኑ እንደተቆለፈ ሰው በየት ይገባል?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

ማርደር የእኛን አገር ሸለምጥማጥ ይመስላል። ዘሩ ሌላ ነው። ግን እንደ ሸለምጥማጥ በሌሊት ይወጣል፣ የዶሮ ቤት ጠላት ነው፣ ሰውነቱ ቀጭንና ረዥም ነው። ድመት ያህላል፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ አለው። ጫካ ብቻ አይደለም ቤቱ። ከተማ ውስጥ በሰው ጣሪያ ሥር ይኖራል።

ገመዱን የሚነክሰው ርቦት አይደለም። የሞተሩ ክፍል ጨለማና ጠባብ ነው፣ ማታም ሙቀቱ ይቆያል። ስለዚህ ገብቶ ይደበቅበታል፣ ሽታውንም ትቶ ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ሌላ ማርደር ያንን ሽታ ሲያገኝ ነው። ግዛቴን ተደፈርኩ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይዘነጥላል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ይብስባቸዋል። ጀርመን ውስጥ ኢንሹራንሶች በዓመት የሚከፍሉበት የማርደር ጉዳት ወደ 200 ሺህ ይደርሳል። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ስሙን ሰምቼ አላውቅም።

ገመዱን በ190 ዩሮ አስቀየርኩ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአክስቴ ልጅ ማንሃይም ላይ ልጁን ክርስትና አስነሣ። ሄድን፣ አደርን፣ እሑድ ማታ ተመለስን። ማክሰኞ ጠዋት ከመኪናው ሥር ውሃ ተኝቷል። የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ተነክሷል። አዲሱ ገመድም ተቆርጧል።

ለወገኖቼ በተለይ ይህንን ማለት እፈልጋለሁ። የእኛ ኑሮ ለዚህ ነገር የተጋለጠ ነው። ለክርስትና፣ ለለቅሶ፣ ለማኅበር ከከተማ ከተማ እንሄዳለን፣ እናድራለን። መኪናችን የማንሃይሙን ማርደር ሽታ ይዞ ይመጣል። የሰፈራችን ማርደር ደግሞ ሌሊቱን ይጠብቀዋል። እኔም የመጀመሪያው ንክሻ እንደደረሰ ሞተሩን ማሳጠብ ነበረብኝ። ገመድ መቀየር ብቻውን ሽታውን አያጠፋም። እጥበቱ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚደረገው፣ ዘይቱ ወደ መሬት ስለሚገባ በር ላይ ማጠብ አይፈቀድም። መኪናው የሚቆምበትን መሬትም በውሃና በሳሙና ማጠብ ነው።

የኢንሹራንሱ ነገር ደግሞ አለ። እኔ የነበረኝ ግዴታ የሆነው፣ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ብቻ ነበር። ለማርደር አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ታይልካስኮ የሚባለው፣ የራስን መኪና በከፊል የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ግን ይከፍላል፣ በዚህ ምክንያትም አደጋ ባለማድረሳችሁ የምታገኙት የዓመት ቅናሽ አይቀነስም። ስትፈርሙ አንድ ነገር አንብቡ። ተከታይ ጉዳት ይሸፍናል ወይ? የተነከሰው የጎማ ቱቦ 60 ዩሮ ሊሆን ይችላል። ውሃው አልቆ ሞተሩ ከተቃጠለ ግን ዕዳው በሺዎች ነው። መብራት ከበራ ወይም ውሃ ካያችሁ አትንዱት። እኔ ያን ጠዋት መንዳቴ ስህተት ነበር።

አንድ ጓደኛዬ የአይጥ መርዝ አስቀምጥ አለኝ። እንዳታደርጉት። በሕግ ክልክል ነው፣ የጎረቤት ድመትም ይገድላል። የውሻ ፀጉርና የሽንት ቤት ሳሙና ማንጠልጠልም ሞክሬያለሁ። አውሬው ይለምደዋል።

ራዲያተሩ በተነከሰበት ሳምንት ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው። በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት ተሸክመዋል። የእሳቸውም መኪና ሁለት ጊዜ ተነክሷል። ማታ መስኮት ላይ የሚቆሙት ማርደሩን ለማየት ነበር። ከእኛ መኪና ሥር ሲገባ አይተውታል። ሊነግሩኝ ፈልገው እኔ ፊቴን ሳዞርባቸው ተመልሰዋል። ይህን ሲሉኝ ቃላቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። እኔ ግን መሬት ብትዋጠኝ በወደድኩ ነበር።

ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሃናውንም ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ይገባኛል» አሉና አብረን ወረድን። ወንፊቱ ከሞተሩ ሥር መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ማርደር ከእግሩ ሥር የሚንቀሳቀስ ሽቦ መርገጥ አይወድም። ይህም አልበቃ ካለ ኮፈን ውስጥ የሚገጠም፣ እንደ ከብት አጥር በኤሌክትሪክ የሚቆነጥጥ መሣሪያ አለ። እኔ እስካሁን አላስፈለገኝም። ሞተሩን አሳጠብኩ፣ ገመዶቹን በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ አስሸፈንኩ። ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

ለፋሲካ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ወሰደችላቸው። ባለፈው ሳምንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ነበሩ። «ወንፊቱን ረስተኸዋል» አሉኝ። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩና ከመኪናው ሥር አስገባሁት። ቀና ስል መስኮታቸው ላይ ቆመዋል። እጄን አነሳሁላቸው።