ከኤክሰል በፊት አቀማመጥ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ ለአዲስ ሠራተኞች ኮምፒውተር የማሳየው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ግን ከኤክሰል በፊት አቀማመጥ ነው የማስተምረው። ለምን? እኔው ራሴ አንገቴ ደርቆ፣ ባጃጅ ውስጥ ዞር ብዬ ሰው ሰላም ማለት አቅቶኝ ስለነበር ነዋ።

የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ስንል አከርካሪው ይሸከመዋል፤ ወደ ስክሪኑ በሰገግን ቁጥር ግን ጫናው የአንገት ጡንቻ ላይ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ድንጋይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ባለፈው አንዷ ልጅ «ወገቤን!» ስትል ጠረጴዛዋን አየሁት። ላፕቶፑ ዝቅ ብሏል፣ ማውሱ ርቋል፣ ወንበሩ ከፍ ብሎ እግሯ ተንጠልጥሏል። ላፕቶፑን ሁለት እሽግ ወረቀት ላይ አስቀመጥነውና የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይኗ ትይዩ ሆነ፣ ሌላ ኪቦርድ ሰካንላት፣ ማውሱን አስጠጋን፣ ከእግሯ ሥር ካርቶን፣ ከወገቧ ኋላ የተጠቀለለ ሻርፕ። «አቦ፣ ይሄው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይሄው አይደለም። የቱንም ያህል አስተካክላችሁ ብትቀመጡ ሳትነሱ ከዋላችሁ ያማችኋል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ የድሬ ሙቀት እንደሆነ ውሃ መቅጃ ሰበብ አያሳጣም። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር እዩ፤ እኛ በመስኮት የከዚራን ዛፎች ነው የምናየው። እጃችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የእኔ ካርቶን አይፈውስም።

ያልተሸነፈልኝ ቬንትሌተሩ ነው። ሁሉም ሰውነቱን ጠምዝዞ ወደ እሱ ነው የሚዞረው።