ከወፍጮ ቤት የሚመጣው ጨው

የደም ግፊቴ 150 በ95 መሆኑ ሲነገረኝና ጨው እንድቀንስ ስመከር፣ ከማዕዳችን ላይ ጨው ተቀምጦ ስለማያውቅ ምክሩ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም ነበር። ነገሩ የገባኝ ጎንደር ባለው የወላጆቼ ቤት እናቴ ሽሮ ስትመጥን አጠገቧ በተቀመጥሁበት ቀን ነው። ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ጨው በእፍኝ ገባ፤ በርበሬውም ቀድሞ ሲደለዝ የራሱን ጨው ይዞ የመጣ ነው፤ ወጡ እሳት ላይ ሳለ ደግሞ ተቀምሶ ሌላ ይጨመርበታል። አንድ ሽሮ ሦስት ጊዜ ጨው ሲገባበት የሚቆጠረው የመጨረሻው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበዛል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ቅቤና ሥጋ ስለቀረ ብቻ ግፊት ይወርዳል ብሎ መተማመንም የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ የጾሙ ወራት የሽሮ ወራት ናቸውና።

ለእናቴ ያቀረብሁት ሐሳብ ዱቄቱ ያለ ጨው ተፈጭቶ፣ አዮዲን ያለበት ጨው ወጡ ላይ ብቻ በማንኪያ ተለክቶ እንዲገባ ነበር። «ጨው ያልገባበት ምጥን ምኑን ምጥን ይባላል?» ብላ ብትቆጣም፣ ለእኔ የሚሆነውን ለብቻ አስፈጨችልኝ። ፖታሲየም ያላቸውን ጎመን፣ ምስርና ድንችም አዘወትራለሁ፤ ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ግን ይህን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ማድረግ የለበትም።

ባጃጁን ትቼ ከፒያሳ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ መመላለስ ጀምሬአለሁ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል ይባላል። ጎረቤቶች ያዘዙልኝን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አልናቅሁም፤ ነገር ግን የታዘዘልኝን ኪኒን በእነርሱ አልተካሁም፤ ግፊት ሕመም ሳይሰማ ጉዳት የሚያደርስ ነውና።

አለካኬም ተለውጧል። ቀድሞ ከቡናው በረካ ተነሥቼ በቀጥታ ወደ መለኪያው እሄድ ነበር፤ ዛሬ ከቡና በፊት፣ ጀርባዬን አስደግፌ 5 ደቂቃ በዝምታ ከተቀመጥሁ በኋላ እለካለሁ። ሰሞኑን 132 በ84 አግኝቻለሁ። በርበሬው ግን አሁንም ከነጨው ነው፤ እናቴ በእርሱ ላይ ድርድር የለም ብላለች።