ስፒድ ብሬከር ፊት የቆመችው ቀይ መኪና

ዛሬ ጣና ዳር፣ ዘንባባዎቹ ስር፣ አንዲት ቀይ ስፖርት መኪና ስፒድ ብሬከር ፊት ቀጥ አለች። ባጃጆች ቆሙ፤ ስልክ ከየኪሱ ወጣ።

ሹፌሩ ሐሳቡ ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ከመሬት ያላት ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊት ለፊት ከወጣች ቀድሞ የሚፋቀው የፓራውልቱ ታችኛ ከንፈር ነው። ስለዚህ አግድም፣ አንድ ጎማ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ። ፍሬን እንደረገጡ መውጣትም አያዋጣም፤ አፍንጫዋ ይደፋና ያቺው ትንሽ ክፍተት ትጠባለች። ደግሞ በባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ለማን ይነገራል! ከተሜው የወደዳት ስትሮጥ አይቶ አይደለም፤ ስታዘግም ነው።

የኋላ ጎማዋ ሲወርድ አንዱ ባለባጃጅ ለመኪናዋ «አይዞሽ እህቴ!» አላት።